ትጋት እንደ መድኃኒት የሚቈጠርበት የዘር ደዌ

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ፥ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ ዓይን ያክም የነበረው ሊቅ ኦይገን ፎን ሂፐል፥ ከፊቱ በተቀመጠ ሕሙም የዓይን ብሌን ውስጥ ብርሃን እያስገባ፥ ሬቲና የተባለውንና በዓይን ጀርባ ተዘርግቶ ብርሃንን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን ሲመረምር፥ ከእርሱ በፊት እጅግ ጥቂት ሐኪሞች ብቻ ያዩትን ነገር አየ። ሁለት የደም ሥሮች ከተፈጥሮ መጠናቸው አልፈው ሰፍተውና ተጠማዝዘው፥ አንዱ ደም እያመጣ ሁለተኛው እየመለሰ፥ በሬቲናው ዳር ከተቀመጠች ቀይና ክብ ዕጢ ዘንድ ይገናኙ ነበር። ሔርማን ሔልምሆልትዝ የዓይን መመርመሪያውን መሣሪያ ለሊቃውንት ካስተዋወቀበት ከ1851 ዓ.ም. ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፥ የሕያው ሰው የደም ሥር ሳይቈረጥና ሳይደማ ሊታይ ይቻል ስለ ነበረ፥ ፎን ሂፐል ዕጢዋ እንዴት እንደምታድግ፥ ፈሳሽ እንዴት እንደምታንጠባጥብ፥ በመጨረሻም ሬቲናው ከቦታው ተላቆ ዓይን እንዴት ብርሃኑን እንደሚያጣ በትዕግሥት ተከታተለና፥ በ1904 ዓ.ም. እጅግ ብርቅ ስለ ሆነ የሬቲና ደዌ የጻፈውን አሳተመ።

ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1894 ዓ.ም.፥ ትሪቸር ኮሊንስ የተባለው የለንደን የዓይን ሐኪም ይህን መሰል ዕጢ በአንድ ቤት ልጆች ዓይን ውስጥ አግኝቶ መዝግቦ ነበር። ይሁን እንጂ የዓይን ሐኪም ዓይንን፥ የአንጎል ሐኪም አንጎልን፥ የኩላሊት ሐኪም ኩላሊትን ብቻ በሚመለከትበት ሥርዓት፥ በአንድ ሰው አካል ውስጥ በየስፍራው የሚበቅለው ነገር አንድ ሥር እንዳለው ያስተዋለ አልነበረም።

ይህን መጋረጃ የገለጠው በስዊድን አገር፥ በሉንድ ከተማ፥ የሙታንን አካል እየመረመረ የደዌን ምክንያት ይፈልግ የነበረው ወጣት ሊቅ አርቪድ ሊንዳው ነው። ሊንዳው የአካልን ሚዛን በሚጠብቀው በኋለኛው ትንሽ አንጎል ውስጥ የሚገኙትን፥ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ሲያጠና፥ በብዙዎቹ ከረጢቶች ግድግዳ ላይ ከደም ሥር የተገነባች ትንሽ ዕጢ ተጣብቃ አገኘ፤ የእነዚያኑ ሙታን ዓይን፥ ቆሽትና ኩላሊት መዝገብ ሲያገናዝብም፥ ፎን ሂፐል በዓይን ውስጥ ያየው ነገርና እርሱ በአንጎል ውስጥ ያየው ነገር የአንድ ደዌ ሁለት ገጽ እንደ ሆነ ተረዳ፤ ይህንም በ1926 ዓ.ም. ባሳተመው የምርምር ሥራው አስታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካውያኑ ሐርቪ ኩሺንግና ፐርሲቫል ቤይሊ ስለ አንጎል የደም ሥር ዕጢዎች በጻፉት መጽሐፍ ዕጢውን ሄማንጂዮብላስቶማ ብለው ሰየሙት። ደዌው ግን በሁለቱ ሊቃውንት ስም ተጠርቶ እስከ ዛሬ «ፎን ሂፐል ሊንዳው» ይባላል።

የዕጢው ምንጭ

ይህ ደዌ ከ36,000 ልደት በአንዱ እንደሚገኝ ይገመታል። ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሕዝብ ወይም ለአንድ አገር የተለየ አይደለም፤ በወንድም በሴትም ላይ እኩል ይወርዳል። ደዌው ካለበት አባት ወይም ካለባት እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረሱም ያለመውረሱም ዕድል እኩል፥ ማለት ሃምሳ በመቶ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ መውረሱ ሁለተኛውን አያድነውም፥ አለመውረሱም ሁለተኛውን አይኰንነውም። ከአምስት ሕሙማን አንዱ ያህል ደግሞ ከወላጆቹ ያልወረሰው፥ በእርሱ የጀመረ ነው፤ ስለዚህ በዘሩ ደዌው ያልታወቀበት ሰው ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

ምክንያቱ ያለበት ጂን በሦስተኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ተቀምጦ በ1993 ዓ.ም. ተገኘ፤ ለዚህም የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምና የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ደዌው ያለባቸውን ቤተ ዘመዶች ደም እያነጻጸሩ ብዙ ዓመት ደክመዋል። የሰው ልጅ ይህን ጂን ከአባቱ አንድ፥ ከእናቱ አንድ፥ በጠቅላላው ሁለት አድርጎ ይቀበላል። ደዌውን የወረሰ ሰው አንዱ ከልደቱ ጀምሮ የተበላሸ ስለ ሆነ፥ በአካሉ ባሉት ሕዋሳት ሁሉ ሥራውን የሚሠራው የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ በዘመን ብዛት በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያ የቀረው ደግሞ ሲበላሽ፥ ያች ሕዋስ ከሥርዓት ወጥታ መብዛት ትጀምራለች። አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 ዓ.ም. የሕፃናትን የዓይን ነቀርሳ መርምሮ ያቀረበው የሁለት ጉዳት ትምህርት በዚህ ደዌ ላይ በግልጽ ተፈጽሞ ይታያል። ዕጢው በአንድ ስፍራ ተቈርጦ በሌላ ስፍራ የሚበቅልበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሐኪም ዕጢውን ማውጣት ይችላል እንጂ የመጀመሪያውን ጉዳት ከሕዋሳት ሁሉ ሊያወጣ አይችልም።

ይህ ጂን በጤናው ጊዜ የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ የተገለጠበት ታሪክ በዘመናችን ሕክምና ውስጥ ከሚያስደንቁት አንዱ ነው። የቦስተኑ ሐኪም ዊልያም ኬሊን በደዌው የሚመጡት ዕጢዎች በደም ሥር የተሞሉ መሆናቸውን፥ አንዳንዶቹም ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛ ቅመም እንደሚያመነጩ አስተዋለ፤ እነዚህም ሁለቱ ነገሮች አካል አየር ሲያጥረው የሚያደርጋቸው ናቸውና፥ ዕጢው አየር እያለው አየር እንዳጣ ሆኖ የሚኖር መሆን አለበት ብሎ አሰበ። በኦክስፎርድ ፒተር ራትክሊፍ፥ በባልቲሞር ግሬግ ሴመንዛ በሌላ መንገድ ወደዚሁ ነገር ሲጓዙ ነበር። ሦስቱ ሊቃውንት በየበኩላቸው ያገኙት ሲገጣጠም የሚከተለው ሆነ፤ ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጥረው ኤችአይኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይከማቻል፥ እርሱም አዲስ የደም ሥር እንዲሠራ፥ ቀይ ደም እንዲበዛ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ኦክስጅን በበቃ ጊዜ ደግሞ ከፎን ሂፐል ሊንዳው ጂን የሚወጣው ፕሮቲን ይህን ባለ ትእዛዝ ይዞ እንዲፈርስ ያደርገዋል። አፍራሹ ከሌለ ትእዛዙ ያለ ዕረፍት ይቀጥላል፤ ዕጢውም ከዚህ ይበቅላል። ሦስቱም በ2019 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ የአየርን መጠን የሚለይ ረቂቅ ሥርዓት ለደጋ ሰው የቅርብ ነገር ነው። በሲንቲያ ቢል የተመራ ጥናት በ2002 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በኢትዮጵያ በሰሜን ተራራዎች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩት አማሮች አየሩ የሳሳ ሆኖ ሳለ አየር ተሸካሚው የደማቸው ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አላቸው። ሊቃውንትም የደጋው ሰው አካል ይህን እንዴት እንደ ተማረ ሲጠይቁ ከሚመረምሩት አንዱ ይኸው የኤችአይኤፍ ሥርዓት ነው። በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ያሉት ቹቫሾች ደግሞ የፎን ሂፐል ሊንዳውን ጂን ከሁለቱም ወላጆቻቸው በተለየ አኳኋን ተበላሽቶ ሲወርሱ ደማቸው ከመጠን በላይ ይቀላል፥ የደዌው ዕጢዎች ግን አይወጡባቸውም። አንድ ጂን እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይህን ያህል የተለያየ ዕጣ ያመጣል።

መታወቂያው

ደዌው ስውር የሚሆነው ምልክቶቹ በየብቻቸው ሲታዩ ተራ ስለሚመስሉ ነው። አንዱ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፤ አንዱ ጧት ጧት ራሱን ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ሲራመድም ይንገዳገዳል፤ በኅብለ ሰረሰሩ ዕጢ የበቀለበት እጁ ወይም እግሩ ይደነዝዛል፤ በውስጠኛው ጆሮ የበቀለበት መስማቱ ይቀንሳል፥ ጆሮው ይጮኻል። ከኩላሊት በላይ ባሉት አድሬናል በሚባሉት ትናንሽ አካላት ላይ ዕጢ ያወጣ ሰው በድንገት ልቡ ይመታል፥ ያልበዋል፥ የደሙ ግፊት ይንራል። የኩላሊት ነቀርሳ ግን ካልፈለጉት በቀር ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያድጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቤተ ዘመድ ሲገኝ፥ በተለይም በወጣትነት ዘመን፥ አስተዋይ ሐኪም ልቡናውን ሊከፍት ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ እናቁም። የ28 ዓመት ጐልማሳ በራስ ምታትና በመንገዳገድ ከሐኪም ዘንድ ቀርቦ፥ እናቱ አብራው ተቀምጣለች እንበል። ሐኪሙ ሥዕሉን አይቶ በትንሹ አንጎል ውስጥ ያለችውን ዕጢ ካወቀ በኋላ፥ ወደ እናቲቱ ዞር ብሎ «እናቴ፥ ከአባቱ ወገን እንዲህ የታመመ ሰው ነበረ?» ይላል። «የለም ልጄ፤ አባቱ እንኳ ያረፉት በደም ብዛት ነው፥ ድንገት።» «የአባቱ እኅትስ?» «እርሷማ ዓይኗን ያጣችው ገና በወጣትነቷ ነው፤ የሰው ዓይን ነው ተብሎ ጠበል ስትጠመቅ ከርማ ነበር።» «አያቱስ?» «እርሳቸውን የጐዳቸው ኩላሊት ነው ይሉ ነበር።» እናቲቱ ስለ ሦስት ልዩ ልዩ ሞትና ሕመም የተናገረች ይመስላታል፤ ጥያቄውን የሚያውቅ ሐኪም ግን ከዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ደዌ በሦስት ትውልድ ሲወርድ ይሰማል፤ ወዲያውም የጐልማሳውን ወንድሞችና እኅቶች፥ የአክስቱንም ልጆች ስም ይጠይቃል።

በሕክምና ሥርዓት የተወሰነውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። በቤተ ዘመዱ ደዌው የታወቀበት ሰው አንዲት ሄማንጂዮብላስቶማ፥ ወይም የኩላሊት ነቀርሳ፥ ወይም የአድሬናል ዕጢ ከተገኘበት ደዌው እንዳለበት ይቈጠራል፤ በቤተ ዘመዱ ያልታወቀበት ግን ሁለት ሄማንጂዮብላስቶማ፥ ወይም አንዷንና ከላይ እንደ ተጠቀሱት ያለ የሆድ ዕቃ ዕጢ ሊገኝበት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የደም ምርመራ ነው፤ ጂኑ የተበላሸበት ስፍራ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አንድ ጊዜ ከታወቀ፥ ለቀሩት ዘመዶች ያችን አንዲት ስፍራ መመልከት ይበቃል። ያልወረሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክትትል ሁሉ ነጻ ይወጣል፥ ልጆቹም እንዲሁ፤ የወረሰው ደግሞ ጠላቱ በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል።

በጀርመን የጥቁር ደን አውራጃ በሚኖሩ፥ ዝምድናቸውን በማያውቁ ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት የጂን ጉዳት መገኘቱ፥ ያውም ጉዳት ከጀርመን ተሰደው ወደ ፔንሲልቫንያ በገቡ ሰዎች ዘር መታየቱ፥ ሁሉም ከአንድ የጥንት አባት ወይም እናት እንደ ወረዱ አስረድቷል። ዘመዳሞች ባሕር ተሻግረው ቢለያዩና ቢረሳሱም ደዌው ዝምድናቸውን አልረሳም።

የክትትሉ ሥርዓት

ክትትል ባልነበረበት ዘመን ደዌው ካለባቸው ሰዎች ግማሹ ያህል ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በብዛት የሚገድላቸውም የኩላሊት ነቀርሳና የአንጎል ዕጢ ነበረ። ሁለቱም ቢሆኑ በጊዜ ቢገኙ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሞች ምልክት እስኪታይ የማይጠብቅ፥ በዕድሜ ልክ የተሰላ የምርመራ ሥርዓት አቆሙ።

ደዌውን የወረሰ ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው የዓይኑ ምርመራ ይጀመራል፥ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱም ይቀጥላል፤ ትንሿ የሬቲና ዕጢ በሌዘር ብርሃን ተቃጥላ ትከስማለችና፥ ካደገችና ፈሳሽ ካፈሰሰች በኋላ ግን ዓይኑን ማዳን ይከብዳልና። በሕፃንነት የደም ግፊት መለካት ይጀመራል፤ ከአምስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የአድሬናል ዕጢ የሚያፈስሰው ቅመም በደም ውስጥ በየዓመቱ ይመረመራል። ከዐሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የመስማት ኃይል ይመዘናል፥ አንጎልና ኅብለ ሰረሰርም ኤም አር አይ በሚባለው የምስል ማንሻ መሣሪያ ይነሣሉ፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኩላሊት፥ ቆሽትና አድሬናል በዚሁ መሣሪያ በየሁለት ዓመቱ ይታያሉ። ኤም አር አይ የሚመረጠው፥ ሰውየው በሕይወቱ ዘመን ሁሉ በተደጋጋሚ ሲነሣ አካሉ ጐጂ ጨረር እንዳያጠራቅም ነው።

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ጠባብ መሣሪያ ስትገባ ምን እንደሚሰማት ማሰብ አያዳግትም። ምንም ሕመም የላትም፤ ሠላሳ ወይም ስድሳ ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀስ ተኝታ፥ መሣሪያው ሲያንኳኳ እየሰማች፥ እናቷን ከመስተዋቱ ባሻገር ትፈልጋለች። ወላጆች ከዚያች ቀን አስቀድሞ እውነቱን በዕድሜዋ ልክ ሊነግሯት ይገባል፤ ልጅ ያልተነገራትን ነገር ከወላጆቿ ፊት ታነብበዋለችና፥ የምታነብበውም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ምርመራው ቅጣት ወይም የሞት መልእክተኛ ሳይሆን የሚጠብቃት ዘበኛ መሆኑን ያወቀች ልጅ፥ አድጋ ለብቻዋ በምትኖርበት ዘመን ቀጠሮዋን አትተውም።

ዕጢ ተገኘ ማለት ወዲያው ይቈረጣል ማለት አይደለም፤ የዚህ ሕክምና ጥበብም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሕሙም ኩላሊት ውስጥ በማጉያ መሣሪያ ብቻ የሚታዩ እስከ 600 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገምቷል። እያንዳንዱን ለማውጣት የሚሻ ሐኪም ኩላሊቱን ራሱን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ትልቁ ዕጢ 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይጠበቃል፥ ሲደርስም ጤነኛው የኩላሊት ክፍል ተርፎ ዕጢው ብቻ ይወጣል። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በተደረገ ጥናት፥ ዕጢያቸው ከዚህ መጠን በታች ከነበረ 108 ሕሙማን መካከል ነቀርሳው ወደ ሌላ አካል የተሠራጨበት አንድም አልተገኘም፤ ከዚህ መጠን ካለፈባቸው መካከል ግን በአንዳንዶቹ ላይ ተሠራጭቷል። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ዕጢም ብዙ ጊዜ ለዓመታት ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ፥ ሲያድግ ወይም ምልክት ሲያመጣ ብቻ ቢላዋ ይነሣበታል።

አንድ ነገር ግን መዘግየት አይፈቀድለትም። የአድሬናል ዕጢ እንዳለበት ያልታወቀ ሰው ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ ቢሰጠው፥ ወይም ሴት በምጥ ላይ ሳለች ዕጢው ቅመሙን ቢለቅቅ፥ የደም ግፊቱ በቅጽበት እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ደዌው ያለበት ሰው ሁሉ ከማናቸውም ቀዶ ሕክምና በፊት፥ ሴትም ለማርገዝ ስታስብ፥ ይህ ዕጢ አስቀድሞ ሊፈለግ ይገባል፤ ከተገኘም ግፊቱ በመድኃኒት ከተረጋጋ በኋላ ይወጣል።

አዲሱ መድኃኒት

የኤችአይኤፍ ምሥጢር መገለጥ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በዳላስ ከተማ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከዚህ ፕሮቲን ወገን በአንዱ አካል ውስጥ ትንሽ ጕድጓድ እንዳለች አገኙ፤ ያችን የሚሞላ ቅመም ፕሮቲኑን ከሥራው እንደሚያግደው ተረድተውም ቤልዙቲፋን የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የተገኘበትን መንገድ ጠረጉ። በ2021 ዓ.ም. በወጣው ጥናት፥ የኩላሊት ነቀርሳ ከነበረባቸውና ይህን መድኃኒት ከወሰዱት 61 ሕሙማን ግማሽ ያህሉ፥ 49 በመቶ፥ የኩላሊታቸው ዕጢ በሚለካ መጠን አነሰ፤ በቆሽት ያሉት ዕጢዎችም በብዙዎች፥ በአንጎል ያሉትም በአንዳንዶች ላይ ቀነሱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው።

መድኃኒቱ ግን ክትትልን አይሽርም። የሚያግደው ቀይ ደም እንዲሠራ የሚያዝዘውን ኃይል ጭምር ስለ ሆነ የደም ማነስ ያመጣል፤ ፅንስንም ስለሚጐዳ እርጉዝ ሴት አትወስደውም። የተበላሸውን ጂንም አይጠግንም። ዋጋውም ለብዙ አገር ሕሙማን የማይደረስበት ነው። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን ለአብዛኛው የዓለም ሕሙም ዕድሜ የሚጨምርለት በጊዜ ማወቅና ሳያቋርጡ መመርመር ነው።

የቤተ ዘመድ ዕዳ

በኛ አገር ከእነዚህ ከሁለቱ የመጀመሪያው፥ በጊዜ ማወቅ፥ ከማናቸውም መሣሪያ በፊት ሊጀመር ይችላል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ቈጥሮ ዝምድናን የሚለይ ሕዝብ፥ የትኛው ዘመድ በምን ዕድሜ በምን ሕመም እንደ ሞተ ለመቍጠር ዕውቀቱ አያንሰውም፤ የሚያንሰው የሚጠይቀው ሰውና ሳያፍር የሚመልስበት ልማድ ነው። በዘር የሚወርድ ደዌ ስም ያጠፋል፥ የልጅን ትዳር ያሰናክላል ተብሎ ስለሚፈራ፥ ሕመምን በምች፥ በመተት፥ በሰው ዓይን ስም መሸፈን የቈየ ነገር ነው። ሽፋኑ ስምን አያድንም፥ ልጅን ግን ያሳጣል።

ደዌው እንዳለበት የተነገረው ሰው ይህ ዕውቀት የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ። ወንድሙ፥ እኅቱ፥ የአክስቱና የአጎቱ ልጅ በዚያው ሰዓት ምንም ሳያውቁ አንድ ዓይነት ዕጢ በአካላቸው እያደገ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ አንድ ቃል ለእነርሱ የዓይን ብርሃን ወይም የሃያ ዓመት ሕይወት ሊሆን ይችላል። ዘመዶቹም በአዲስ አበባ፥ በዋሺንግተን፥ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ተበታትነው ቢሆን፥ የምርመራውን ጽሑፍ ቅጂ አድርጎ ይላክላቸው፤ የትም አገር ያለ ሐኪም በዚያ ጽሑፍ ላይ የትኛዋ የጂን ስፍራ እንደምትመረመር ያነብባልና።

ሐኪሞቻችንም ከዚህ ያላነሰ ዕዳ አለባቸው። በወጣት ሰው ዓይን ውስጥ የሰፉና የተጠማዘዙ የደም ሥሮችን ያየ የዓይን ሐኪም ስለ ኩላሊቱ ይጠይቅ፤ በሁለቱም ኩላሊቶቹ ዕጢ ያለበትን የሠላሳ ዓመት ሰው የሚያክም ደግሞ ዓይኑንና አንጎሉን ያስመርምር፤ የደም ግፊቱ በድንገት የሚንር ወጣት ሲያይም ስለ አባቱ ሞት ይጠይቅ። ኤም አር አይ በማይገኝበት ስፍራ የዓይን መመርመሪያው፥ የደም ግፊት መለኪያውና አልትራሳውንዱ ሥራውን ሁሉ ባይሠሩም ብዙውን ይሠራሉ፤ ፎን ሂፐል የዓይኑን ምልክት ያገኘው ከእነዚህ በአንዱ ነውና።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብብ ሰው በቤተ ዘመዱ በወጣትነት ዓይኑን ያጣ፥ በአንጎል ዕጢ የታመመ፥ በኩላሊት ነቀርሳ የሞተ ከአንድ በላይ ሰው እንዳለ ቢያውቅ፥ የሽማግሌዎቹ ትዝታ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ይጠይቅ፥ ስማቸውን፥ ዕድሜያቸውንና ሕመማቸውን በወረቀት ላይ ይጻፍ፥ ያንም ወረቀት ይዞ ከሐኪም ዘንድ ይሂድ። ምናልባት የፈራው ነገር የለም ይባላል፤ ደስ ብሎት ይመለሳል። አለ ቢባልም፥ አባቶቹ ያላገኙትን ጊዜ እርሱና ልጆቹ አግኝተዋል።